የቆየ ሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን ጥገና ከየት ይጀመር?
በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 በብዛት ለተመረቱ ሞተር ሳይክሎች ባለ ዲስክ የፊት ፍሬንን ያስለመደ ነው፤ ይሁንና ባለ አንድ ፒስተን ካሊፐሩ ለዛሬ መንገድ ይደክማል። ብዙዎች ሁለተኛ ዲስክ ለመጨመር ይቸኩላሉ፤ መቅደም ያለበት ግን የፍሬን ዘይት ቱቦው ነው። ያረጀ የጎማ ቱቦ ፍሬን ሲያዝ ያብጣል፤ ሸራውን ዲስኩ ላይ መጫን የነበረበት ጉልበት ቱቦውን በመለጠጥ ያልቃል፣ እጀታውም ይለሰልሳል። በማይዝግ የብረት ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። ካሊፐሩ የሚወዛወዝበት ዘንግም ከዛገ ተፈትቶ ይጸዳ፣ ግራሶም ይቀባ። ከዚያ እጀታው ዘይቱን የሚገፋበት ማስተር ሲሊንደር ይታያል፦ የፒስተኑ ውፍረት ከ14 ወደ 12.7 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፣ በዚያው የእጅ ጉልበት ግፊቱ 20 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እጀታው ግን ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ሁለተኛ ካሊፐር የሚጨምር ሰው ሲሊንደሩን ፈጽሞ ማሳነስ የለበትም፤ የሚገፋው ዘይት አንሶ እጀታው ከመሪው ጋር ሊገጥም ይችላል።