የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት፡- የገጠሩን ቤት ማን ያስታውሰው?

ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች አዋሳኝ፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ተደጋግሞ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ከስምጥ ሸለቆው ነዋሪዎች አልፎ የሰሜን ሸዋን ቆላና ደጋ ሕዝብ ጭምር ከእንቅልፉ የቀሰቀሰ ነበር። መስከረም 26 ምሽት በመጠን 4.9 ሆኖ የተመዘገበው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። ታኅሣሥ 26 ሊነጋጋ ሲል የተከሰተው ወደ 5.8 ተጠጋ፤ የካቲት 7 ምሽት ደግሞ 6.0 ደረሰ። በመለኪያው ላይ የአንድ ቁጥር ልዩነት ሲታይ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ የሚለቀቀው ጉልበት ከ30 ጊዜ በላይ እንደሚጨምር ማወቅ ያስፈልጋል።

በወቅቱ የነበረው ውይይት በአብዛኛው ያተኮረው በከተማ ፎቆች ላይ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ በክልላችን ከባዱ ጉዳት የደረሰው በደጋው ጠርዝና በግርጌው በሚገኙ የገጠር መንደሮችና ትንንሽ ከተሞች ላይ ነው። የእነዚህ አካባቢዎች ቤት ግን እስከ ዛሬ በዝግጅት ዕቅዶች ውስጥ በቂ ቦታ አላገኘም።

የመንቀጥቀጡ መንስኤ ምሥጢር አይደለም። ምሥራቅ አፍሪካን የተሸከሙት የምድር ቅርፊት ክፍሎች በስምጥ ሸለቆው መስመር በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። በሚከፈተው ክፍተት የቀለጠ ዓለት ከታች እየገፋ ሲገባ ዙሪያው ያለው መሬት ይሰነጠቃል፤ ይንቀጠቀጣል። በፈንታሌና በዶፈን መካከል የሆነውም ይኸው መሆኑን ከሳተላይት የተገኙ መረጃዎች አመላክተዋል። በ1998 ዓ.ም መጀመሪያ በአፋር ዳባሁ አካባቢ በተመሳሳይ ምክንያት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስንጥቅ ተፈጥሮ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ በዚያው ክልል ከዚህ ቀደም የፈነዳበት ጊዜ በታሪክ ያልተመዘገበው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ፣ አመዱ በአፍዴራ አካባቢ የሚገኙ መንደሮችንና የግጦሽ መሬትን ሸፍኗል። ቤቱ ሳይፈርስ የከብቱን መኖ ያጣ አርብቶ አደርም የአደጋው ተጎጂ ነው።

ወደ ክልላችን ስንመለስ፣ ቀዳሚው ምስክር ግንቦት 1953 ዓ.ም ነው። በዚያ ወር መጨረሻ ካራቆሬን ማዕከል አድርጎ የተከሰተው፣ መጠኑ ከ6.5 የማያንስ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ በካራቆሬም ግማሽ ለሚሆኑ ቤቶች መውደቅ ምክንያት ሆኗል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በብዙ ቦታ ተሰነጣጠቀ። ከዚያም በፊት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1835 ዓ.ም አንኮበር ላይ በመንቀጥቀጥና በመሬት መንሸራተት ብርቱ ጉዳት ደርሷል። ሁለቱም ሥፍራዎች የሚገኙት ደጋው ወደ አፋር ሜዳ በሚወርድበት ጠርዝ ነው። ማጀቴ ስትፈርስ የመላ አገሪቱ ሕዝብ ከ25 ሚሊዮን በታች ነበር፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ያው መንቀጥቀጥ ዛሬ ቢደገም ከፊቱ የሚያገኘው ሰውም፣ ቤትም፣ መንገድም በብዙ እጥፍ የበዛ ነው።

ይህ ጸሐፊ ታኅሣሥ 26 ንጋት ላይ ደብረ ብርሃን በተከራየው ክፍል ውስጥ ነበር። አልጋው ሲወዛወዝ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲንኳኳ፣ የግቢው ተከራዮች ሁሉ በብርዱ ጋቢ ለብሰው ወጡ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረም። ግማሹ ከግንብ አጥር ሥር ተጠለለ፤ ሌላው ከኤሌክትሪክ ምሰሶ አጠገብ ቆመ፤ አንዳንዱም ስልኩን ለማምጣት ተመልሶ ገባ። ሦስቱም አደገኛ ናቸው። በከተማ የሚኖር፣ ሬዲዮ የሚያዳምጥና ስልክ የያዘ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ከዋና መንገድ ርቆ በገደል አፋፍ ላይ የሚኖረው አርሶ አደር ምን ያህል ተዘጋጅቷል ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል።

መንቀጥቀጥ በራሱ ሰውን የሚገድለው እምብዛም ነው፤ የሚገድለው የሚወድቀው ነገር ነው። በደጋው የተለመደው በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ቤት ብርድን ይከላከላል፤ ይሁንና ግድግዳው ከባድ በመሆኑና ማዕዘኖቹ እርስ በርስ ስላልተሳሰሩ ሲናወጥ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ጣሪያውም ተከትሎት ይወድቃል። በቋሚና በማገር የተሠራ የጭቃ ቤት በአንጻሩ ልሥኑ ይረግፍ ይሆናል እንጂ እንጨቱ ስለሚተጣጠፍ በአንድ ጊዜ አይናድም። ይህም የሚሆነው ምስጥ የቋሚዎቹን ግርጌ ካልበላው ነው። ያለ ብረት ማሰሪያ የተደረደረ የብሎኬት ቤት ዘመናዊ ቢመስልም ከድንጋዩ ቤት ብዙ አይሻልም።

መፍትሔው ከአርሶ አደሩ አቅም በላይ አይደለም። የድንጋይ ግድግዳ ሲካብ በየመሐሉ ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ረጅም ድንጋይ ማስገባት፣ ከበርና ከመስኮት በላይ ቤቱን ዙሪያውን የሚያስር አግዳሚ እንጨት ማኖር፣ ማዕዘኖችን ማያያዝ ይቻላል። ድንጋይን ከእንጨት ጋር አሳስሮ መገንባት ለእኛ እንግዳ ጥበብ አይደለም፤ ከላሊበላ አቅራቢያ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለዘመናት የቆመ ምስክር ነው። ከዚህም የቀለለ ነገር አለ። እህል የሞላ ጎታ ከመኝታ አጠገብ አለማቆም፣ ከባድ ዕቃን ከራስጌ በላይ አለመስቀል፣ ማታ ምድጃውን አዳፍኖ ኩራዙን አጥፍቶ መተኛት ገንዘብ አይጠይቅም።

ችግሩ ይህን ትምህርት ለገጠሩ የሚያደርሰው ማን ነው የሚለው ነው። አገሪቱ የመሬት መንቀጥቀጥን ታሳቢ ያደረገ የሕንፃ ደረጃ አላት፤ የሕንፃ አዋጅም አለ። እነዚህ ግን በዋናነት የሚመለከቱት ከተሞችንና ትልልቅ ግንባታዎችን ነው። የገጠር ቤት የሚሠራው በባለቤቱ፣ በመንደሩ አናጺና በደቦ ነው። ለዚህ ሕዝብ ቅርብ የሆነው ባለሙያ የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነው። የበረሃ አንበጣ በተከሰተ ጊዜ የመንጋውን መድረስ ለአርሶ አደሩ ሲያሳውቅ የከረመው እርሱ ነው። በዚሁ መስመር የቤት አሠራርና የአደጋ ጊዜ ጥንቃቄ መልእክት ማስተላለፍ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አጭር ሥልጠናና በግልጽ የተሰጠ ኃላፊነት ነው። የመንደር አናጺዎችን ማሠልጠን ደግሞ በሚቀጥሉት ዓመታት የሚሠሩትን ቤቶች ሁሉ መድረስ ማለት ነው።

የመሬት መንሸራተትም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ወገኖችን የቀጠፈው ናዳ መንስኤው ዝናብ ነበር። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። በክረምት ውኃ የጠገበ ገደል በመንቀጥቀጥ ቢመታ ለመናድ ይበልጥ የቀረበ ይሆናል። በመሆኑም ከቤት በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ የታየ እንደሆነ፣ ወይም ዛፎች ካዘነበሉና የምንጭ ውኃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ለቀበሌው ማሳወቅና ሥፍራውን መልቀቅ ተገቢ ነው።

በ2017 ዓ.ም ስጋት ባለባቸው 12 ቀበሌዎች የሚኖሩ ከ80 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች እንዳሉ መንግሥት አስታውቆ ነዋሪዎችን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ተጀምሯል። በዚያ ጊዜ ቤተሰብን ብቻ ሳይሆን ከብትን፣ የከብቱን ውኃና መኖ ጭምር ማሰብ የግድ ነበር። አርሶና አርብቶ አደር ሀብቱን ሜዳ ላይ ጥሎ በቀላሉ አይሄድም፤ ይህን ያላገናዘበ የማዛወር ዕቅድ በወረቀት ላይ ይቀራል። ከደጋው የሚወርደው የከሰም ወንዝ የተገደበበት ሥፍራም በዚሁ አካባቢ በመሆኑ፣ ከግድቡ በታች ያለው ሕዝብ የማስጠንቀቂያ መልእክት በምን መንገድ እንደሚደርሰው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

መንቀጥቀጥ የሚከሰትበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ሳይንስ እስካሁን የለም። ስለዚህ በማኅበራዊ ሚዲያ “ዛሬ ሌሊት ይመጣል” የሚል ወሬ ሲሰራጭ ማመን አያስፈልግም። የንዝረቱን መጠንና ቦታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የጠፈር ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም ይከታተላል። ቀኑ ባይታወቅም ቦታው ይታወቃል፤ የደጋው ጠርዝ ከዚህ ቀደም ተመትቷል፣ ወደፊትም ሊመታ ይችላል። የመኸሩ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ጊዜ በገጠር ቤት የሚታደስበትና አዲስ የሚሠራበት ነው። የወረዳ አመራሮችና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ትምህርቱን ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ወቅት አያገኙም።