አሰልጣኙን በክንዱ አትምረጡት

ሰው የግል አሰልጣኝ ሲፈልግ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ክንድና ደረት ላይ ነው። የፈረጠመ ወጣት ካገኘ «ይሄማ ያውቅበታል» ብሎ ይስማማል። በአዲስ አበባ ጂሞች ይህ መለኪያ ገንዘብ ያስባክናል፤ ከፋ ውስጥ እንደ ሺሺንዳ ባለች ከተማ ግን ጣጣው ይብሳል፣ የሚያውቀውን ሰው ጭራሽ እንዳናየው ያደርገናል። አሰልጣኝ ሲባል የሚታየን የብረት ክምርና መስታወት ስለሆነ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው «እዚህ ደግሞ ምን አሰልጣኝ አለ?» ማለት ይቀለዋል። የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ግን አለ። ጅማን ጨምሮ ከየዩኒቨርሲቲው በስፖርት ሳይንስ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆችም አሉ። መፈለግ ያለብን ከእነዚህ መካከል ነው ባይ ነኝ፤ መለኪያውም አሰልጣኙ ገና ሥራ ሳያስጀምረን የሚጠይቀን ጥያቄ ነው።

የአገራችን የስፖርት ታሪክ ራሱ ለዚህ ይመሰክራል። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የበቆጂ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ስማቸው የተጠራው በሮጡት ሳይሆን ባስሮጧቸው ልጆች ነው። «አትሌት ሌላ፣ ደም ግፊት ያለባት የሃምሳ ዓመት ነጋዴ ሌላ» ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ ልዩነቱ ግን ጥንቃቄውን ያበዛዋል እንጂ አያስቀረውም። ትንፋሽን ቋጥሮ ከባድ ነገር ማንሳት ደም ግፊትን ለጊዜው ሽቅብ ይሰድደዋል። ስለዚህ የሚያውቅ አሰልጣኝ ብረት ከማስያዙ በፊት ምን መድኃኒት እንደምትወስድ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ መቼ እንደተለካች፣ ጉልበቷን ወይም ወገቧን ያማት እንደሆነ ይጠይቃታል። ቀጥሎ ከወንበር እንድትነሳና እንድትቀመጥ አድርጎ ያያታል፦ ስትነሳ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይጠጋል? በእጇ ጭኗን ትደገፋለች? ትንፋሿን ትይዛለች? የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ላብ ሳታወጣ በመክፈሏ ብታጉረመርም አይፈረድባትም፤ የከፈለችው ግን ለዓይኑ ነው። ስልክ ላይ ያለው ቪዲዮ ነፃ ቢሆንም ጉልበቷን አያይም። በ2011 ዓ.ም በአዲስ አበባ መንገድ እየተዘጋ የተጀመረው ማስ ስፖርትም ሰውን ከቤት በማውጣቱ የሚመሰገን ነው፤ በድምፅ ማጉያ ለሺህ ሰው የሚቆጥረው አሰልጣኝ ግን የእርሷን ወገብ ሊያርም አይችልም።

ቆራጥነት ካለ አሰልጣኝ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች አበበ ቢቂላን ይጠቅሳሉ። አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለዓመታት የተገነባ ሰውነትና ያንን ሰውነት ጠንቅቆ የሚያውቅ ኦኒ ኒስካነን የሚባል አሰልጣኝ ነበረው። ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ የኖረ ሰው ሁለቱም የሉትም።

«ከፋ ውስጥ ማን እንቅስቃሴ አጥቶ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ ውሽውሽ ላይ ሻይ ለሚቀጥፍ ወይም ቡና ለሚለቅም ሰው የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው። ባለሱቁ፣ የቢሮ ሠራተኛውና የባጃጅ ሾፌሩ ግን የሚውሉት ተቀምጠው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በእግር መሄድ ይበቃ ነበር፤ ዝናቡ ሲከርምና መንገዱ ጭቃ ሲሆን ግን አብዛኛው ሰው ይተወዋል። በረንዳ ላይ ወይም ባዶ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነገር የሚያዘጋጅ ሰው የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ቅንጦት ነው የሚለውን ክስ ብቻውን ለሚቀጥር ሰው እቀበለዋለሁ። አምስት ስድስት ጎረቤት ግን እንደ እቁብ አዋጥቶ መምህሩን ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሳምንት ሦስት ቀን ቢቀጥር ክፍያው ሌላ መልክ ይይዛል። ከዚህ በላይ ሰው ከበዛ አሰልጣኙ ማየት ያቅተዋል። ዲግሪ ብቻውን እንዳያታልለን የሁለት ሳምንት ሙከራ ይቅደም። ሴቶች ሴት አሰልጣኝ ከመረጡም ምርጫቸው ይከበር፤ አሰልጣኙ ወንድ ከሆነም አቋም ለማረም ከመንካቱ በፊት ያስፈቅድ። ክፍያውም በወር ሳይሆን በተሠራው ቀን ቢሰላ ይሻላል፤ ቡና ሲደርስ ሠልጣኙ ይጠፋል፣ ፈተና ሲደርስ ደግሞ መምህሩ።