ተራ ሲጠበቅ የሚሠራ ሙዚቃ

አባቴ ለዐሥራ ስድስት ዓመታት በዋሽንግተን ዳርቻ በሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ቀናት አብሬው እውል ስለነበር፣ የሥራውን ሰፊ ድርሻ የሚይዘው መንዳት ሳይሆን መጠበቅ መሆኑን ገና በልጅነቴ አውቄያለሁ። መኪኖች ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ ትንሽ ይንቀሳቀስና መልሶ ይቆማል። አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ ሌላው መቀመጫውን ወደ ኋላ ለጥጦ ያሸልባል። አባቴ ደግሞ የእኔን የሒሳብ የቤት ሥራ ያርም ነበር። ማንም ያልከፈለበት ነገር ግን ያልባከነ ሰዓት ነበር።

በዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠሩ ከነበሩት ሾፌሮች አንዱ አንጋፋው የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። ምናልባት አንድ ቀን ከአባቴ መኪና ኋላ ተሰልፈው ይሆናል፤ እኔ ግን ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ተራቸው እስኪደርስ ድረስ በመኪናቸው ይዘዋት የሚዞሩትን በባትሪ የምትሠራ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር በኋላ በቃለ መጠይቆቻቸው አነበብኩ።

ታሪካቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ በአጭሩ ልለፈው። (ዓመታቱ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወቱ ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሲመጣ እዚሁ ከቀሩት አንዱ ሆኑ። በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድረም ማሽን ጋር አዋሕደው፣ ሁሉንም መሣሪያ ራሳቸው ተጫውተው፣ «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት ቀረጹ። ካሴቱ በአገር ቤት ተሸጠ፤ ጊዜው አለፈ፤ ተረሳ። ከዓመታት በኋላ «አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተሰኘው አሳታሚ መሥራች ብራያን ሺምኮቪትዝ አንዱን ቅጂ ባሕር ዳር ከሚገኝ ሱቅ ገዝቶ፣ ባለቤቱን አፈላልጎ፣ በ2013 ዳግም አሳተመው። ከዚያ በኋላ የዓለም መድረኮች፣ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» መጡ።

ይህ ታሪክ በምዕራቡ ዓለም ጋዜጦች ሁልጊዜ የሚተረከው እንደ ተአምር ነው፤ የተረሳ ሊቅ በአንድ ካሴት ተገኘ ይባላል። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ዐይኔ የሚያርፈው በ1985 እና በ2013 መካከል ባሉት ሃያ ስምንት ዓመታት ላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት ችሎታው አልጠፋም፤ መሣሪያውም አልጠፋም። በዚህ ከተማ ብቻ በየሳምንቱ ለሠርግ፣ ለኮንሰርትና ለእራት ግብዣ ገንዘብ የሚያወጣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ነበር፤ ያ ሕዝብ እኛ ነን። ለአንድ ሰው ብቻውን የመሥሪያ ጊዜ የሚገዛለት ግን አልነበረም። የመሥሪያ ጊዜውን የሸፈነው የታክሲው ሰልፍ ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቀናባሪ ምን ይጎድለዋል ተብዬ ብጠየቅ፣ መልሴ ተመስጦ አይደለም፤ ጊዜና የባለቤትነት መብት ነው።

ተመስጦው ከየት እንደሚመጣ ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም ሥራው ለምን ጊዜ እንደሚበላ የሚያስረዳው እሱ ነው። የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲሠራ አብረውት የሚሠሩ ግምቶች አሉ። ዛሬ በሰፊው የምንጠቀምበት «ኤብልተን ላይቭ» የተባለው ሶፍትዌር ሲከፈት በደቂቃ 120 ምት፣ በየመስመሩ አራት አራት ምት አድርጎ ይጠብቃችኋል። የእኛ ችክችካ ግን እያንዳንዱን ምት ለሦስት የሚከፍል ነው። ሲንተሳይዘሩ ስምንቱን ድምፅ በዐሥራ ሁለት እኩል እርከኖች ከፋፍሎ ይመጣል፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፎች መካከል ነው። አንቺ ሆዬን በኪቦርድ የሞከረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል፤ ኖታው ትክክል ነው፣ ቅኝቱ ግን የለም። (ኃይሉ መርጊያ ካሴታቸውን በቀረጹበት በዚያው 1985 ኢኮኖሚስቱ ፖል ዴቪድ፣ የጽሕፈት መኪና የፊደላት አቀማመጥ አንዴ ከተለመደ በኋላ ለምን መለወጥ እንዳዳገተ የሚያስረዳውን ዝነኛ ጽሑፉን አሳተመ። የሙዚቃ መሣሪያዎችን ቢጨምርበት ኖሮ ምሳሌ አያጥረውም ነበር።)

ከዚህ ግምት ጋር መታገል ነው የእነዚህ ሰዎች የፈጠራ ሕይወት። በኒው ጀርሲ ኮሌጅ ተምሮ አዲስ አበባ የተመለሰው ሚካኤል ሰይፉ በ2016 ባወጣው «ዘላለም» ክራርንና ማሲንቆን ከኮምፒውተር ድምፅ ጋር ሲያዋሕድ፣ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ ደግሞ ይህን አቅጣጫ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሲሰይም፣ የሆነው ነገር አሮጌ ዘፈን በአዲስ ምት መልበስ አልነበረም። ማሽኑ በአዝማሪው ልክ እንዲናገር ማስገደድ ነበር። ይህ በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ ተቀምጦ፣ ሚሊ ሰከንድ ወደ ኋላ ወደ ፊት እየገፉ የሚሠራ ሥራ ነው። የሁለቱንም ቀደምት ሥራዎች ለዓለም ያቀረበው በዋሽንግተን የተመሠረተ «1432 አር» የተባለ አነስተኛ አሳታሚ መሆኑን ልብ በሉ። ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

ገበያ የለውም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ሮፍናን በ2018 «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ፣ ራሱ አቀናብሮ ራሱ የዘፈነውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የአገር ቤት ወጣት በአዳራሽም በታክሲም ሰምቶታል። ሰሚ አለ። ችግሩ በሰሚውና በሠሪው መካከል ያለው መንገድ ነው።

ባውሞልና ቦወን በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የመድረክ ጥበብ ምርታማነቱ እንደ ፋብሪካ ስለማያድግ ወጪው ከሌላው ዘርፍ አንጻር እየናረ እንደሚሄድ አስረድተው ነበር፤ አራት ሰው የሚጫወተውን ሙዚቃ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም የሚጫወቱት አራት ሰዎች ናቸው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይህን የፈታው ይመስላል። አንድ ላፕቶፕ ባንዱንም ስቱዲዮውንም ተክቷል። ግን ወጪው ለሁሉም ስለወደቀ አቅርቦቱ ጎረፈ፤ የአንድ ቅጂ ዋጋ ወደ ዜሮ ተጠጋ። የባውሞል ችግር ከመድረኩ ወጥቶ ወደ መኝታ ክፍል ገባ ማለት ነው፤ ያልረከሰው ብቸኛ ግብዓት የአቀናባሪው የራሱ ሰዓት ሆነ።

የክፍያ ሥርዓቱ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። በብዙዎቹ የሙዚቃ ማሰራጫ መድረኮች የደንበኞች ክፍያ በአንድ ቋት ይገባና በጠቅላላው የመደመጥ ድርሻ ይከፋፈላል። ፍራንክፈርት ያለች አንዲት ነርስ ወሩን ሙሉ «ዘላለም»ን ብቻ ብትሰማ፣ ከከፈለችው አብዛኛው የሚሄደው ሰምታቸው ወደማታውቃቸው ታላላቅ ዘፋኞች ነው። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት ዐሥራ ሁለት ወራት ከ1,000 ጊዜ በታች ለተደመጠ ቅጂ ክፍያ አይሰጥም። ሳውንድክላውድ በ2021 እያንዳንዱ አድማጭ የሚከፍለው እሱ ለሚሰማቸው ብቻ የሚደርስበትን አሠራር ለነጻ አርቲስቶች ጀምሯል፤ ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ በመደበኛው 15 በመቶ ወስዶ አብዛኛውን ለሠሪው ይለቃል። ለአነስተኛና ታማኝ አድማጭ የሚስማሙት እነዚህኞቹ ናቸው። የእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ አነስተኛና ታማኝ ከሚባሉት አንዱ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ በአገር ቤት ብዙ ሰው የሚያስበው ሕግ የለም ብሎ ነው። አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን፣ የተዋናይንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰርን መብት ለየብቻ ያውቃል፤ ማሻሻያው 872/2007 ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያን የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር እንዲኖር በር ከፍቷል። ሕጉ የተጻፈው ግን ዜማ ደራሲው አንድ፣ ተጫዋቹ ሌላ፣ አሳታሚው ሦስተኛ ሰው በነበሩበት ዘመን ልማድ ነው። በመኝታ ክፍሉ የሚሠራው ወጣት ሦስቱንም ነው። ይህ ኃይሉ ነው፤ አደጋውም ይኸው ነው። የቀደመው ዘፋኝ ከአሳታሚ ጋር ሲፈርም አንዱን መብት ቢያጣ ሌላው ይቀረው ነበር፤ ይሄኛው ግን በአንድ ፊርማ ሦስቱንም አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

ይህን የማውቀው እንዲህ ያለውን ውል ያዘጋጀሁት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ነው። በ2021 አዲስ አበባ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተርና ስፒከር ለመግዛት 2,000 ዶላር ጠየቀኝ። ላክሁ። ከትምህርቴ ያገኘሁትን ጥንቃቄ ለማሳየትም የአንድ ገጽ ውል ጻፍኩ፤ በመሣሪያው ከሚሠራው ቅጂ ሁሉ ግማሹ ለዘለቄታው የእኔ እንዲሆን። «እሺ እህቴ» ብሎ ሳያነብ ፈረመ። ዘመድ የረዳሁ መስሎኝ ነበር፤ የሠራሁት ግን በትምህርት ክፍል ውስጥ ሌሎችን የምከስስበትን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የዘጋቢ ፊልም ሠሪ ከሥራዎቹ አንዱን ለመጠቀም ፈልጎ የባለቤቶቹን ሁሉ ፈቃድ ጠየቀ። እኔ ለጥናት ገጠር ነበርኩ፤ ኢሜይሉን ያየሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ፊልም ሠሪው ሌላ ሙዚቃ መርጦ ነበር። የአክስቴ ልጅ አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ ይህ ከወቀሳ ይከብዳል።

ሌላም ነገር ነበረበት። በዚያ ሥራ ውስጥ የሚሰማው ማሲንቆ በአንድ ጠጅ ቤት የተቀዳ ነው። ተጫዋቹ በዚያ ምሽት ሽልማት ተለጥፎለታል፤ ስሙ ግን አልተጻፈም። ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2010 የሙላቱ አስታጥቄን ዜማ ናሙና ወስደው ሲሠሩ የምንጩ ስም ታወቀ፤ ሙላቱ ስምና የታተመ ሥራ አላቸውና። የጠጅ ቤቱ ማሲንቆ ተጫዋችም በአዋጁ መሠረት በአጨዋወቱ ላይ መብት ያለው ተዋናይ ነው፤ ግን ማን ብሎ ይጠይቅለታል? ባለመብትነታችንን ለውጭ አሳታሚ ስንከራከር ከእኛ በታች ያለውን መርሳት እንደምንችል ያየሁት በራሴ ቤት ነው።

እንግዲህ የምሟገትለት ምንድን ነው? አገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት በምትናጥበት ጊዜ ለላፕቶፕ ሙዚቃ ገንዘብ ማዋጣት ቅንጦት ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ክርክሩን አላቃልለውም፤ ለተፈናቃይ የሚዋጣውን ወደዚህ አዙሩ አልልም። እኔ የማወራው አስቀድሞ ለሙዚቃ ስለምናወጣው ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ዛሬ ከሞላ ጎደል የሚሄደው ለመድረክ፣ ለአዳራሽ ኪራይና ለአውሮፕላን ቲኬት ነው፤ በዋናነትም የምናውቀውን ዘፈን እንደገና ለመስማት። ከዚያ ጥቂቱ የስድስት ወር ጊዜ መግዣ ቢሆን፣ ማለትም አንድ አቀናባሪ ቀን ቀን የሚሠራውን ሥራ ትቶ ወይም ቀንሶ እንዲቀመጥ ቢያስችለው፣ ውጤቱ ከአንድ ምሽት ይረዝማል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በባንክ የሚላክ ዶላር በመንገድ ላይ የሚያጣው ዋጋ መቀነሱም ነገሩን ያቀለዋል።

ሁኔታው ግን እርዳታ መሆን የለበትም፤ የባለቤትነት ቅርጫም መሆን የለበትም። ሺምኮቪትዝ ትርፉን ከአርቲስቱ ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ ይናገራል። ያ ከእኔ ውል በእጅጉ የተሻለ ነው፤ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ከእኔ ቀድሞ መገኘቱን ስጽፈው ደስ አይለኝም። የእኛ ማኅበራት፣ ጠበቆችም ኢኮኖሚስቶችም ሞልተውባቸው፣ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ሁለት ገጽ መደበኛ ውል ማዘጋጀት አያቅታቸውም፤ ገንዘብ ሰጪው ያወጣውን እስኪመልስ ድረስ የሚካፈልበት፣ ቅጂው በአቀናባሪው እጅ የሚቆይበት፣ በናሙና የተወሰደ ተጫዋች ሁሉ በስም የሚጠቀስበትና ድርሻው የሚወሰንበት።

የእኔን ውል ባለፈው ዓመት ቀደድነው። በአዲሱ መሠረት ከገቢው ሩቡ የእኔ የሚሆነው 2,000 ዶላሩ እስኪሞላ ብቻ ነው፤ እስካሁን 340 ደርሷል። ለማሲንቆው ዐሥር በመቶ ተመደበለት። ተጫዋቹን ማፈላለግ አንድ ወር ፈጀ፤ ጠጅ ቤቱ ፈርሶ ሰፈሩ ሁሉ ተነሥቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ከከተማው ዳር አገኘው፤ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሥራውን አሰማው። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ፤ ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ማሲንቆው ለምን እንደተቆረጠ። የአክስቴ ልጅ አሁን ያን ክፍል እንደገና እየሠራው ነው።