ልብስ ለሰው ይሰፋል እንጂ ሰው ለልብስ አይሰፋም

ይህን ጽሑፍ ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር እንድትሞክሩ ልጠይቃችሁ። ቀኝ እጃችሁን እንደማይሠራ ቁጠሩትና በግራ እጃችሁ ብቻ የትምህርት ቤት ሸሚዛችሁን አውልቃችሁ መልሳችሁ ልበሱ፤ ቁልፎቹንም ከላይ እስከ ታች ቆልፉ። ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ? ስንቶቻችሁስ መሐል ላይ ሰልችቷችሁ እናታችሁን ወይም ወንድማችሁን ተጣራችሁ?

እናንተ ሙከራው ሲያበቃ በሁለቱም እጃችሁ ትጠቀማላችሁ። በየብሎኩ ያሉ አያሌ አዛውንትና አካል ጉዳተኞች ግን በዚህ ፈተና ማለዳ ማለዳ ይፈተናሉ።

እኔ ጉዳዩን ያስተዋልኩት በጎረቤታችን በአንዲት እናት ምክንያት ነው። ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። መጀመሪያ ከጎረቤት ቡና ቀሩ፤ ቀጥሎም ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ሁላችንም «እማማ ደከሙ» አልን። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ያላቸው ደህና ቀሚስ ከልባሽ ጨርቅ ተራ የተገዛ፣ ጀርባው ላይ በዚፕ የሚዘጋ ነው። የሚኖሩት ደግሞ ከወንድ የልጅ ልጃቸው ጋር ነው። ጀርባቸውን ለልጁ ገልጠው «ዝጋልኝ» ማለት አሳፈራቸው፤ ስለዚህ ቤት መዋልን መረጡ።

አንድ ልብስ ሰፊ ይህን ሲሰማ ዚፑን ነቅሎ ጀርባውን ደፈነው። ፊት ለፊቱን ከአንገት እስከ ወገብ ከፍቶ በላስቲክ ቀለበት የሚያዙ ሦስት ትልልቅ ቁልፎች ተከለበት። ሥራው ከአንድ ሰዓት አልበለጠም። በሚቀጥለው እሑድ እማማ ቤተ ክርስቲያን ተገኙ። እጃቸው አልዳነም፤ የተለወጠው ልብሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ በበኩሌ የምለው ይህ ነው፤ አንድ ሰው መልበስ ሲያቅተው ጥፋቱን በሰውነቱ ላይ ብቻ አንጣል። ልብሱንም እንመርምር። ለመሆኑ እዚህ ካኩማ የምንለብሰው ልብስ ለማን ተሰፋ? አብዛኛው ምቱምባ ነው፤ በሩቅ አገር ለማናውቀው፣ ሁለት እጁ ለሚሠራና ቆሞ ለሚሄድ ሰው የተሰፋ ነው። የአያቶቻችን ጋቢና ነጠላ ቁልፍም ዚፕም የላቸውም። ከላይ ጣል ይደረጋሉ፤ የተቀመጠውንም የተኛውንም ያለብሳሉ። ስለዚህ ለሰው የሚመች ልብስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

በሌላውም ዓለም ሰዎች አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1955 በኒው ዮርክ ሔለን ኩክማን የተባለች ልብስ ነዳፊ ከቨርጂኒያ ፖፕ ጋር ሆና «ፈንክሽናል ፋሽንስ» የተባለውን ለአካል ጉዳተኞች የታሰበ የልብስ ሥራ ጀምራለች። በ2012 ደግሞ ማቲው ዋልዘር የተባለ የ16 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ለናይኪ ኩባንያ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ልጁ ሴሬብራል ፖልሲ የሚባል፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያውክ የአንጎል ጉዳት ስላለበት የጫማውን ማሰሪያ ራሱ ማሰር አይችልም ነበር። ኩባንያው በ2015 በዚፕ ዞሮ የሚከፈትና በአንድ እጅ የሚዘጋ ጫማ ለገበያ አቀረበ። ልብ በሉ፣ ከዚህ ሥራ ጀርባ እንደ እናንተ ያለ ተማሪ የጻፈው ደብዳቤም አለ።

እኛ ፋብሪካ የለንም። ይሁንና መርፌና ክር፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናና ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች አሉን። ስፌት የምትማሩ ልጆች ዛሬውኑ ልትሠሯቸው የምትችሉትን ጥቂት ነገሮች ልዘርዝር።

ለእጀ ደካማ ሰው ልብሱ ፊት ለፊት ይከፈት። ሸሚዝ ከሆነ ቁልፎቹን ነቅላችሁ በቀዳዳዎቹ ላይ ለጌጥ ስፏቸው፤ ከሥር ቬልክሮ አድርጉ። ቬልክሮ በልጆች ጫማ ላይ የምታዩት፣ ሲላቀቅ የሚንጫረረው ማጣበቂያ ነው። ነገር ግን የእኛ አቧራ ሲሞላበት መያዝ ይተዋል። ከመታጠቡ በፊት ይዘጋ፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽም ይጽዳ። ቬልክሮ ካጣችሁ ትልልቅ ቁልፍ በላስቲክ ቀለበት ይበቃል። የዚፕ እጀታ ጠፍቶ ወይም አንሶ ከሆነ ጣት የሚያስገባ የገመድ ቀለበት እሰሩበት።

በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የሱሪውን የኋላ ኪሶች ፍቱ። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠበት ኪስና ወፍራም ስፌት ቆዳውን ይጫነዋል፤ ያቆስለዋልም። ወገቡ በታች ስሜት የሌለው ሰው ደግሞ ቁስሉን ሳያውቀው ይከፋበታል። ሱሪው ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ቢል ሲቀመጥ ጀርባው አይገለጥም። የነጠላ ጫፍና ሰፊ እጅጌ በጎማው ሽቦዎች እንዳይያዝ መሰብሰብ አለበት። እግሩ ለተቆረጠና ሰው ሠራሽ እግር ለሚያደርግ ሰው የሱሪውን የጎን ስፌት እስከ ጉልበት ፈትታችሁ ዚፕ ብትተክሉበት ሱሪውን ሳያወልቅ እግሩን ያስተካክላል። የወገብ ላስቲክ አታጥብቁ፤ ቆዳ ላይ መስመር ከተወ ጠብቋል ማለት ነው።

መርፌ የማትይዙም ብትሆኑ ይህችን አንዲት ሕግ ያዙ፦ ሲለበስ የታመመው እጅ መጀመሪያ ይግባ፤ ሲወለቅ የታመመው እጅ መጨረሻ ይውጣ። ይህን ባለማወቅ ስንት ሽማግሌ ትከሻው ተጎትቶ ያቃስታል።

«ልጆቻቸው ያልብሷቸው እንጂ፤ ባህላችን አይደል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አረጋዊን መርዳት ባህላችን ነው፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ነገር ግን ልጆቹ በስደት መንገድ የተበተኑበት አዛውንት ማን ያልብሰው? ልጅ ያለውስ ቢሆን ገላውን ለልጁ ማሳየት ሳያፍር ቀርቶ ነው? የሚችለውን ራሱ እንዲያደርግ ማመቻቸት ትልቁ አክብሮት ነው። በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ከመርሆቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የሰውን ክብርና በራሱ የመወሰን ነፃነቱን ነው። ኬንያ በ2008፣ ኢትዮጵያም በ2010 ተቀብለውታል።

«ራሽን በማይበቃበት ቦታ ስለ ዚፕ ታወራለህ ወይ?» የሚለኝም ይኖራል። መልሴ አጭር ነው። ይህ ሥራ ከራሽን ላይ የሚቀንሰው አንዳች ነገር የለም። የሚጠይቀው ቁራጭ ጨርቅና የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ነው። ደግሞስ ልብስ አልመች ብሎት ቤት የተዘጋበት ሰው ራሽን ለመቀበልስ እንዴት ይወጣል?

ስለዚህ የምታስነጥፉትን ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። የስፌት ተማሪዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ ይመድቡ። የቀረነው በየብሎካችን ካሉ አዛውንትና አካል ጉዳተኞች ዘንድ እንሂድ። ስንሄድ ግን መቀስ ይዘን አንቸኩል፤ ልብሱ የእነርሱ ነው። በመጀመሪያ ቁጭ ብለን «እማማ፣ አባባ፣ ሲለብሱ የቱ ጋ ነው የሚያስቸግርዎት?» ብለን እንጠይቅ። አንዳንዱ ቁልፍ ይላል፣ አንዳንዱ ጫማ ይላል፤ አንዳንዱም «ምንም አልቸገረኝ» ብሎ ይመልሰናል። ያም መብቱ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ልብስ ብናስተካክል ከዚህ ዓመት መጨረሻ በፊት በብሎካችን በልብሱ ምክንያት ቤት የሚውል ሰው አይኖርም። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ በቅርባችሁ ያለውን አረጋዊ ልብስ በዓይናችሁ ፈትሹት። ጀርባው ላይ ዚፕ አለ?