ስለ ነቀርሳ ምርምር ርዳታ መጠየቅ ነውር ነውን?

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ተረት። በእኛም ቤት የተሸሸገ በሽታ ነበረ። ታላቅ እኅቴ በማኅፀን በር ነቀርሳ ስትታመም፣ ጠያቂ በመጣ ቍጥር «ጨጓራዋን ነው» እንል ነበር። ከዚህ ዓለም በሞት ስትለይም የበሽታዋን ስም ከእርስዋ ጋራ ቀበርነው።

የዐርባ ቀን ተዝካርዋ ሲቃረብ ስለ ድግሱ ልንመክር ተሰበሰብን። እኔም «በሬው ቀርቶ በግ ይታረድ፤ የተረፈው ገንዘብ ለነቀርሳ ምርምር ይሰጥ፤ የሚመጣውም ዘመድ የቻለውን እንዲጨምርበት እንጠይቅ» አልሁ።

አጎቴ ተቈጡ። «በሟች ስም ልመና ልታወጣን ነውን? ገበናዋንስ አደባባይ ልታሰጣው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ልጅዋ ዐምና በትምህርት ቤት የተከተበችው ክትባት ማን በከፈለው ገንዘብ የተገኘ ይመስልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ነገሩን እንዲህ ስል አስረዳኋቸው።

ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ጹር ሃውዘን፣ የማኅፀን በር ነቀርሳ ከቫይረስ ይመጣል ብለው ሲነሡ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ከረዳቶቻቸው ጋራ ሆነው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1983 እና በ1984 በሽታውን ከሚያመጡት ቫይረሶች ዋነኞቹን ሁለቱን አገኙ። ክትባቱ በ2006 ለሕዝብ ተፈቀደ፤ እርሳቸውም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በኢትዮጵያ ክትባቱ ለዐሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2018 ነው። እንግዲህ ከምርምር ቤት እስከ ልጃገረዶቻችን ክንድ ድረስ መንገዱ 35 ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያ ዘመን ሁሉ ለመሣሪያውና ለሠራተኛው የከፈሉት ሰዎች የእኅቴን ልጅ አያውቋትም ነበር።

ምርምር ማለት በአጕሊ መነጽር ማየት ብቻ አይደለም። የታመመው ሰው ስንት እንደ ሆነ፣ በሽታውም ምን እንደ ሆነ መመዝገብ የሥራው መጀመሪያ ነው። በአዲስ አበባ የነቀርሳ ሕሙማን መዝገብ በ2011 ተከፍቶአል። ነቀርሳውን «ጨጓራ» እያልን የምንደብቅ ከሆነ ግን መዝገቡ እንዴት ይሞላል?

ሐዘናቸውን ወደ ሥራ የለወጡ ወላጆችም በአገራችን አሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር በ2004 የተመሠረተው፣ ሕፃን ልጃቸውን የደም ነቀርሳ በነጠቃቸው ወላጆች ነው።

ርዳታ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ነገር ይጠብቅ። አንደኛ፣ የበሽታውን ስም ሳያፍር ይናገር። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለምን ሥራ እንደሚውል ይግለጥ፤ ደረሰኝም ያሳይ። ሦስተኛ፣ ልክ አይወስን፤ የሌለውንም ሰው አያሳፍር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

በተዝካሩ ቀን ከምሳ በኋላ ልናገር ስነሣ አጎቴ በእጃቸው አስቀመጡኝ። ራሳቸው ቆመው «ልጃችንን የወሰዳት የማኅፀን በር ነቀርሳ ነው፤ እኛ ሸሸግነው፤ እናንተ አትሸሽጉ» አሉ። ከዚያም ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው በሰፌዱ ላይ አኖሩ።

የተሰበሰበው ብዙ አልነበረም። ነገር ግን እንግዳው ሲበተን ሦስት ሴቶች ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጠርተው፣ ምርመራው የት እንደሚደረግ በቀስታ ጠየቋት። ይህ በሽታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ በጊዜ የተመረመረች ሴት ልትድን ትችላለች። በሬውን አርደን ዝም ብንል ኖሮ ማንም ይህን ባልጠየቀ ነበር።