ስለ አገለገለ የናፍጣ መኪናና ስለ ተክል ዘይት

በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠራው በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፥ አስቀድመው የገቡት የናፍጣ መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ማገልገላቸው የማይቀር ነው። ስለዚህ ገዢው የቀለሙን ማማር ትቶ የሞተሩን ጤንነት ይመርምር። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቶሎ ቢነሣ መልካም ምልክት ነው፤ ሰማያዊ ጢስ ቢያወጣ ግን የሞተሩ ዘይት አብሮ እየተቃጠለ መሆኑን ያስረዳል።

ናፍጣን በተክል ዘይት ለመተካት የሚያስቡም አሉ። አሳቡ አዲስ አይደለም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ነገር ግን ጥሬው ዘይት ከናፍጣ ይልቅ እጅግ ወፍራም ስለ ሆነ የዛሬውን ሞተር ኖዝል ይደፍናል። በሜታኖልና በኮስቲክ ሶዳ ግሊሰሪኑ ተለይቶ የቀጠነው ባዮዲዝል ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን የአሮጌ መኪና የጎማ ቱቦዎችን ያበላሻል፥ በጋኑ የዘቀጠውንም እድፍ አጥቦ ፊልትሮውን ይዘጋል። ስለዚህ በጥቂቱ ከናፍጣ ጋር ቀላቅሎ መጀመርና ፊልትሮውን ቶሎ መለወጥ ይገባል።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ ዘይቱ ከወዴት እንደ መጣ ይታሰብበት። ከሆቴል የተረፈው የመጥበሻ ዘይት ለመኪና ቢውል ጥቅም ነው፤ ለድኻው ወጥ የሚሆነው ዘይት ወደ መኪና ጋን ቢፈስ ግን፥ መኪናው ቢሮጥም ሰው ይራባል።