በወርቅ የተለበጠ ጆሮ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከመዳቡ እንጀምር። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ 5 ሜትር ቢርቅ፣ መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር ሽቦ ይሆናል። ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ንጹሕ መዳብ በዚህ ርዝመት ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ 0.07 ኦም ገደማ ነው፤ የስፒከሩ ግን 8 ኦም ነው። በመንገድ የሚቀረው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ይህን ጆሮ አይለየውም። በዚያው ስፒከር ሆድ ውስጥ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ብቻውን 6 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ድምፁ ያን ጥምጥም የግድ የሚያልፍ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ላሉት ጥቂት ሜትሮች የክንድ ውፍረት ያለው ገመድ መዘርጋት፣ የጭቃ መንገድ ለሚጠብቀው መንገደኛ የደጃፉን ሁለት እርምጃ እብነ በረድ እንደ ማንጠፍ ነው።

የውድ ገመድ ነጋዴ ግን ይህን ስሌት አያነሣም። እርሱ የሚያወራው ስለ ብርና ስለ ወርቅ ነው። ብር ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሪክን ማስተላለፉ እውነት ነው፤ ብልጫው ከመቶ ስድስት ያህል ብቻ ስለሆነ ግን መዳቡን በጥቂቱ ማወፈር ያካክሰዋል። ወርቅ ደግሞ፣ ስሙ ቢከብድም፣ ከመዳብ ያነሰ አስተላላፊ ነው። ምስጋናው አለመዛጉ ነው፤ በጃኩ ጫፍ ላይ ስስ ልባጥ ሆኖ ይጠቅማል፤ ለዚህ የሚበቃው ወርቅ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። በስፒከር ገመድ ላይ ቀስት አትመው «ድምፁ በዚህ አቅጣጫ ይፈስሳል» የሚሉትንማ ምን እንበላቸው? የሙዚቃ ኤሌክትሪክ በአንድ ሰከንድ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ እንጂ እንደ ዓባይ ቁልቁል የሚወርድ አይደለም።

«እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተናጋሪው ውሸታም አይደለም። የብዙ ወር ደመወዝ የከፈለ ሰው ልዩነት ባይሰማ ነው የሚገርመው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ብሂል ስለ ሐሜት የተነገረ ቢሆንም እዚህም ይሠራል። በምትሃት ትርኢት ያደገውና አታላዮችን በማጋለጥ የታወቀው ጄምስ ራንዲ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከ7 ሺህ ዶላር በላይ የሚሸጥን የስፒከር ገመድ ከተራው ገመድ ሳያይ በጆሮው ብቻ ለሚለይ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ብዙ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ፈተናው ግን ሳይካሄድ ቀረ። የእኛ ሰው ያን ያህል ገንዘብ አያሻውም፤ ገመዱን ከመጋረጃ ጀርባ ሃያ ጊዜ የሚቀያይርለት አንድ ታጋሽ ወዳጅ ይበቃዋል።

ይህ ማለት ግን የተገኘው ሽቦ ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነውን ቀጭን ሽቦ 15 ሜትር ወደሚርቅ ስፒከር የዘረጋ ሰው 1 ኦም ያህል ተቃውሞ ጨምሯል፤ ይህ ይሰማል። ከዚህ የከፋው በገበያችን «መዳብ» እየተባለ የሚሸጠው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በእጅ ሲመዘን ይቀላል፤ ጫፉ በቢላዋ ሲፋቅ ነጭ ይሆናል። ስለ ኦክስጅን የሚሰብክ ነጋዴ ጥቅልሉን ለማስፋቅ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ሌላ ሱቅ አለ። የጃኩ ነገርም እንዲሁ ነው፦ ሳይላላ አጥብቆ ይያዝ፤ ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ይግጠም። የአንዱ ስፒከር ሁለት ጫፎች ተገላብጠው ባስ የጠፋበት ቤት ሌላ ገመድ አያስፈልገውም። የሸክላ ማጫወቻ ብቻ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ ከመርፌው የሚወጣው ጥቂት ሺኛ ቮልት ስለሆነ መከለያው የተሟላ አጭር ገመድ ያስፈልገዋል። ጉምጉምታ ቢሰማ ደግሞ መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ሶኬት ማስገባት ይሞከር እንጂ የመሬት መስመሩ አይቆረጥ፤ ያ መስመር የቆመው ለሕይወት ነው።

በሴራሚክ ወለልና በባዶ ሲሚንቶ ግድግዳ መካከል ተቀምጦ ገመድ የሚቀያይር ሰው፣ ድምፁን እያጮኸ የሚመልስበትን ክፍል ዘንግቶታል። ወፍራም ምንጣፍና በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ምን ያህል እንደሚለውጠው ማንም ያለ መጋረጃ ይሰማዋል።

ደግሞስ በዚያ ገመድ የሚያልፈው ምንድን ነው? የአምሐ እሸቴ ሙዚቃ ቤት ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ አብዮቱ መባቻ ያወጣቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ ዛሬ ተጭረው በግለሰቦች እጅ ይገኛሉ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ካሴቶች ደግሞ በየቁም ሣጥኑ ሻግተዋል፤ ቴፑም በየዓመቱ ይዳከማል። እነዚህን ወደ ዲጂታል ለማዛወር ደህና የካሴት ማጫወቻ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ይበቃል። ወጪው ከአንድ ጥንድ ውድ ገመድ ያንሳል፤ ገመዱን የገዛው ሰው የአባቱ ካሴቶች ግን አሁንም ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው።